ሽቦ ያሳመርኩበት ዓመት

ሥራ የጀመርኩት ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ የጫጩት ማስፈልፈያ ጣቢያ ነው። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት ሆኖት ነበር። የቅጥር ደብዳቤዬ «የኤሌክትሪክ ጥገና ሠራተኛ ሁለት» ይላል። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ጫማዬን ወልውዬ፣ ደብዳቤዬን በፕላስቲክ ጠቅልዬ ገባሁና «አንድ»ስ ማን ነው ብዬ ጠየቅሁ። ከትልቁ ማሽን ሆድ ውስጥ ሁለት እግሮች ወጥተው ይታያሉ። እሳቸው ናቸው አሉኝ።

እግሮቹ የአያ ባይለየኝ ነበሩ። አያ ባይለየኝ በልጅነታቸው ዲማ ቅኔ ቤት ተቀምጠው፣ በኋላ ከአንድ የጦር ሠራዊት ሬዲዮ ጠጋኝ ሙያ ለምደው፣ ጣቢያው ሲከፈት የተቀጠሩ ሰው ናቸው። ከማሽኑ ወጥተው እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ምን እንደማውቅ ጠየቁኝ። የቤት ዝርጋታ፣ የሞተር ጥቅለላ፣ የቴስተር አያያዝ እያልኩ ዘረዘርኩ። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰሙኝና «መልካም ነው። እንግዲህ አንድ ሳምንት ምንም አትንካ» አሉኝ።

ስለዚህ የመጀመሪያ ሳምንት ሥራዬ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ማሽኑን መስማት ነበር። ዜማ ቤትም ቢሆን መጀመሪያ የሚማረው ጆሮ ነው አሉኝ። ደመወዝ ለመስማት ይከፈላል ብዬ አላውቅም ነበርና ቅር አላለኝም።

የሰማሁት ይኼ ነው። ዶሮ እንቁላሏን ታቅፋ ዝም ብላ አትቀመጥም፤ በመንቁሯ እየገፋች ታገላብጠዋለች። ካላገላበጠችው ፅንሱ ከቅርፊቱ ጋር ይጣበቅና ይሞታል። ማሽኑም እንደ ዶሮዋ ማድረግ አለበት። በየሰዓቱ «ቀጭ» ይላል፤ ሞተሩ «እህህህ» እያለ መደርደሪያዎቹን ከግራ ወደ ቀኝ ያዘነብላል፤ እንደገና «ቀጭ» ብሎ ይቆማል። ሰዓቱን ቆጥሮ ሞተሩን «ተነሣ» የሚለው ታይመሩ ነው። ታይመሩ ስምንት እግር ያላት፣ የባቄላ ፍሬ የምታህል ጥቁር ዕቃ ናት፤ ዙሪያዋን ካፓሲተርና ሬዚስተር የሚባሉ ጥቂት ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ከበዋት ትኖራለች።

ከማሽኑ ጋር ከውጭ አገር የመጣው ታይመር ከተቃጠለ ቆይቷል። ምትኩ «ታዟል» ተብሎ አሁንም ድረስ እንደታዘዘ ነው። አያ ባይለየኝ ከየሬዲዮው ሬሳ ዕቃ እየለቀሙ የራሳቸውን ታይመር ሠሩ። የአሠራሩ ሥዕል የት እንዳለ ስጠይቃቸው ግንባራቸውን በጣታቸው ነኩ። የተማሩትን ሁሉ በቃላቸው የያዙ ሰው ናቸው፤ ወረቀት ይጠፋል፣ አይጥም ይበላዋል ይሉ ነበር። ግንባርም ጡረታ እንደሚወጣ ያኔ ሁለታችንም አላሰብንም።

ታይመሩ የተቀመጠበት ሳጥን ውስጡ የሚያምር አልነበረም። የታይመሩ ሽቦዎች ከሞተሩ ሽቦ ሸሽተው በጣራው በኩል እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ተንጠልጥለው ያልፋሉ። ከጥቁሯ ዕቃ አምስተኛ እግር ላይ ምስር የምታህል ቡናማ ካፓሲተር በሁለት ረጃጅም ቀጫጭን እግሮች ተንጠልጥላለች። ተረስታ የቀረች ትመስላለች። እኔ በተማርኩበት መጽሐፍ አምስተኛዋ እግር ባዶ ብትተው ችግር የለውም ይላል። ስለዚህ ስለ እሷ ጠይቄ አላውቅም።

አያ ባይለየኝ ጡረታ ሲወጡ ጋቢ አለበስናቸው። በርክክብ ቅጹ ላይ ስንት ካቻቢቴ፣ ስንት ፒንሳ እንዳስረከቡ ተጽፎ ተፈራረምን። በሩ ላይ ስሸኛቸው ወደ ማሽኑ ቤት ዞር ብለው አዩና «ደህና ነው። ብቻ አታስጊጠው» አሉኝ። የሽማግሌ ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። «ሁለት» የነበርኩት ሰው ያን ዕለት «አንድ» ሆንኩ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ማሽኑ ሠራ፤ እኔም አምፖል ስቀይር፣ ፊውዝ ስለውጥ ኖርኩ። ከማሽኑ ጋር የምትውለው ወይዘሮ ባንቺአምላክ ነበረች። እንቁላል ትደረድራለች፣ በመብራት እያየች ፅንስ የሌለውን ትለያለች፣ ሙቀት ትመዘግባለች። አሥራ ስምንት ዓመት ስትሠራ ቅጥሯ ጊዜያዊ ነበር። ጊዜያዊነቷ ከሁላችንም ቋሚነት የረዘመ ነው። በዕድሜ ትበልጠኛለችና ፊት ለፊት እትዬ እያልኩ ነው የምጠራት።

ካይዘን የሚባለው የጃፓኖች የሥራ ቦታ አደረጃጀት ዘዴ የመጣው አሥራ ስምንተኛ ዓመቷን በያዘችበት ዓመት ነው። ሥራ አስኪያጃችን አቶ ሙሉቀን የሦስት ቀን ሥልጠና ወስደው፣ አዲስ ቦርሳ አንግበው ተመለሱ። በዕድሜ ታናሼ ነበሩ፤ በወንበር ግን አንቱ ነበሩ። ሰብስበውን ስለ አምስቱ «ማዎች» አስረዱን፦ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። ለወር ያልተነካ ዕቃ ሁሉ ቀይ ካርድ ተለጥፎበት ወደ ቀይ ሣጥን ይገባል ተባለ። በዚህ ሕግ መጀመሪያ ቀይ ካርድ ሊለጠፍባቸው የሚገባቸው አንዳንድ ሠራተኞች እጃቸውን አንሥተው ደገፉ።

ጣቢያዎችን በካይዘን የሚያወዳድር ገምጋሚ ቡድን ከመምጣቱ በፊት አቶ ሙሉቀን የታይመሩን ሳጥን ከፍተው አዩና ፊታቸው ጠቆረ። ይኼ ሳጥን ነው ወይስ የወፍ ጎጆ አሉኝ። ሽቦዎቹ ለምን ተበታተኑ ብለው ጠየቁኝ፤ እኔም አላውቅም ነበር። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ ሰብስባቸው» ብለውኝ ሄዱ።

ሰበሰብኳቸው። እውነቱን ለመናገር በሙያዬ እንደዚያ ኮርቼ አላውቅም። የታይመሩን ሽቦና የሞተሩን ሽቦ ጎን ለጎን አስተኝቼ፣ በየአራት ጣቱ በፕላስቲክ ማሰሪያ አሠርኳቸው። እንደ ሙሽራ ሹሩባ ቀጥ ብለው ወረዱ። ያቺን ተንጠልጣይ ምስርም በፒንሳ ቆርጬ፣ በትንሽ ፌስታል አድርጌ፣ ቀይ ካርድ ለጥፌ ወደ ሣጥኑ ወረወርኳት። መዝገቡ ላይ «ጥቅሙ ያልታወቀ ዕቃ፣ አንድ ፍሬ» ብዬ ጻፍኩ።

ገምጋሚዎቹ መጡ። ሳጥኑን ከፍተው አደነቁ፤ አንደኛው ፎቶ አነሣው። ማሽኑ ይሠራል ወይ ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። ጣቢያችን አንደኛ ወጣ፤ እኔም በስሜ የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ። «አርአያነት ላለው የሽቦ አደረጃጀት» ይላል። በመስተዋት አስገብቼ ከማሽኑ በላይ ሰቀልኩት።

በማግስቱ ባንቺአምላክ ወደ ጥገና ክፍል መጥታ በስሜ ጠራችኝና «አንተ እንየው፣ ካሠርከው ወዲህ ድምፁ ተለውጧል» አለችኝ። እንዴት ተለወጠ ስላት፣ ሲነሣ ይንተባተባል አለች። ሽቦ መታሠሩ ድምፅ አይለውጥም ብዬ መለስኳት። እንደማስታውሰው ትንሽ ሳቅሁባትም።

ጾም ገባ። የዐቢይ ጾም ለእኛ የመኸር ወቅት ነው። በሁለት ወር ያህል ውስጥ እንቁላል የሚቀምስ ስለሌለ ገበሬው ሁሉ ከየመንደሩ፣ ከደምበጫ ገበያ ሳይቀር በጭድ እየሸፈነ ያመጣልናል። ማሽኑ እስከ አፉ ሞላ። ከዚያ ከሚፈለፈለው ጫጩት የሚደርሳቸው የገጠር ሴቶች ስም ዝርዝር ደግሞ ቀድሞ በግድግዳ ላይ ተለጥፏል። እንቁላሉ ሃያ አንድ ቀን ይፈጅበታል፤ ከሃያ አንድ ቀን በኋላ ከአሥሩ የተፈለፈለው ሦስት ብቻ ሆነ።

ያኔ ነው ቴስተሬን ይዤ የገባሁት። የሆነውን በዓይኔ አየሁ። ሰዓቱ ሲደርስ «ቀጭ» አለ፤ ሞተሩ ተነሣ፤ ወዲያው ቆመ፤ ተነሣ፤ ቆመ፤ መደርደሪያዎቹ እንደ ብርድ ያዘው ሰው ተንዘፈዘፉና መሃል ላይ ቀሩ። አንዳንዴ ሰዓቱ ሳይደርስ ይነሣል፤ አንዳንዴ ሰዓቱ ደርሶ ዝም ይላል።

ሞተሩን ከታይመሩ ነቀልኩና በቦታው ትንሽ አምፖል አሠርኩ። ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። አምፖሉ በየሰዓቱ አንዲት ደቂቃ ሳያዛንፍ በራ። ሞተሩን መልሼ ባሠርኩ ቁጥር ግን እብደቱ ይመለሳል። በዚህ ጊዜ አንድ ጠቢብ ሰው «ታይመሩ ብቻውን ደህና ነው፣ ሞተሩም ብቻውን ደህና ነው፤ እንግዲህ በመካከላቸው ያለው ምንድነው?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። እኔ «ታይመሩ ጤነኛ መሆኑ በምርመራ ተረጋግጧል» ብዬ ሪፖርት ጻፍኩ።

ሪፖርቱ ብዙ ሥራ ፈጠረ። ታይመሩ ጤነኛ ከሆነ ጥፋተኛው ሞተሩ ነው ተባለና ኮሚቴ ተቋቁሞ በአስቸኳይ አዲስ ሞተር ተገዛ። አዲሱ ከአሮጌው ብሶ ተንተባተበ፤ ጉልበቱ ይበልጥ ነበርና። ቀጥሎ ጥፋቱ የመብራት ኃይል መዋዠቅ ነው ተባለ፤ ማረጋጊያ መጣ፤ ለውጥ የለም። ሞተሩም መብራቱም ንጹሕ መሆናቸው ከተረጋገጠ ሰው መፈለግ ግድ ሆነ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል እንዲህ ነው።

የሙቀት መዝገቡ ሲታይ በየቀኑ ብዙ ጊዜ ሙቀቱ ዝቅ ብሏል። የማሽኑ በር ሲከፈት ነው የሚቀዘቅዘው። በሩን የከፈተችው ባንቺአምላክ ናት፤ ራሷም አልካደችም። መደርደሪያዎቹ መሃል ላይ ሲቀሩ ከፍታ በእጇ ነው የምታዘነብላቸው። ከአሥሩ ሦስቱ የተፈለፈሉት በእሷ እጅ ነው እንጂ በእኛ ሞተር አልነበረም። ኮሚቴው ግን የሚያነበው መዝገብ ነው፤ መዝገቡ ደግሞ ስለ እጅ አይጽፍም። ያለ ፈቃድ በር በመክፈት የመንግሥት ንብረት አበላሽታለች ተብሎ ለሐሙስ የዲሲፕሊን ስብሰባ ተጠራ። ጊዜያዊ ናትና ለመሰናበቷ አንድ ፊርማ በቂ ነው። ለማስረጃነት የተያያዘው የመጀመሪያው ወረቀት «ታይመሩ ጤነኛ ነው» የሚለው የእኔ ሪፖርት ነበር።

እሑድ በጠዋት አያ ባይለየኝ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ወደሚኖሩበት ወደ ዲማ መንገድ ገባሁ። በሚኒባስ ሄጄ የቀረውን በእግሬ ወጣሁት። አያ ባይለየኝን በጓሯቸው የንብ ቀፎ በእበት ሲለቀልቁ አገኘኋቸው። ከሰላምታው በኋላ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። እጃቸው ከመለቅለቅ ሳያቋርጥ ሰሙ። የምስክር ወረቀቱ ጋ ስደርስ ብቻ ቆሙ።

«የታይመሩን ሽቦ ከሞተሩ ጋር አሠርከው?» አሉኝ።

«አዎ፣ አሠርኩት።»

«አምስተኛዋ እግር ላይ የነበረችውስ?»

«ቀይ ሣጥን ውስጥ ናት።»

ከዚያ በቀስታ አስረዱኝ። ሞተር ሲነሣ ኃይል በአንድ ጊዜ ይጎትታል፤ ውስጡ ያለው ካርቦንም ይፈነጥቃል። ያ ሁሉ ሁካታ አጠገቡ ወዳለው ሽቦ ይዘላል። ታይመሩ ደግሞ የሚሰማው የቮልቴጅ ከፍና ዝቅ ማለትን ብቻ ነው፤ የራሱን ቆጠራ ከጎረቤቱ ጩኸት ለይቶ አያውቅም። ስለዚህ ሽቦውን በጣራ በኩል አሸሹት። ያቺ ምስር ደግሞ በአምስተኛዋ እግር የሚገባውን ጩኸት ወደ ኔጌቲቩ እያወረደች የምታጠፋ ናት። አምፖል አይፈነጥቅም፤ ለዚህ ነው በአምፖል ጊዜ ጤነኛ የመሰለኝ። ይኼን ለማወቅ በዘመናቸው ሁለት ዙር እንቁላል እንደጠፋባቸው ነገሩኝ።

ተናደድኩ። «ታዲያ ምነው አንድ ቀን እንኳ ቢነግሩኝ፣ ቢጽፉልኝ?» አልኳቸው።

ቀፎውን አስቀመጡ። «መቼ ጠየቅኸኝ?» አሉና ቆይተው ደግሞ «ይኼም ምክንያት አይሆንም። መጻፍ ነበረብኝ» አሉ። እበቱ ያልደረቀበትን እጃቸውን ታጥበው የልጅ ልጃቸውን ደብተር አስመጡና የታይመሩን ሥዕል ከጥግ እስከ ጥግ ሳሉልኝ። አንድም መስመር አልሰረዙም።

ሰኞ ያቺን ምስር ከቀይ ሣጥን ለማውጣት ሄድኩ። የሣጥኑ ኃላፊ የገባ ዕቃ የሚወጣው በማስወገጃ ኮሚቴ ውሳኔ ብቻ ነው አለኝ። ቅጹ ላይ «የሚፈለግበት ምክንያት» የሚል ቦታ አለ። እውነቱን ብሞላው ኖሮ ታሪኩ እዚያው ያልቅ ነበር። አልሞላሁትም፤ ቤቴ ካለ የሞተ ሬዲዮ ተመሳሳይዋን ነቅዬ አመጣሁ። በስታኞ አምስተኛዋ እግር ላይ በየድኳት፤ ማሰሪያዎቹን ሁሉ ቆርጬ የታይመሩን ሽቦ በጣራ በኩል መለስኩት። ሰዓቱ ሲደርስ ማሽኑ «ቀጭ» አለ፤ «እህህህ» ብሎ አዘነበለ፤ ቆመ። ባንቺአምላክ ከወዲያ ጥግ ሆና «እሱ ነው» አለች። ምን እንዳደረግሁ አልጠየቀችኝም።

የሚያሳፍረኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ማክሰኞና ረቡዕ ዝም አልኩ። ማሽኑ ተሠርቷል፤ አዲሱ እንቁላል ይፈለፈላል፤ የምስክር ወረቀቱም ከግድግዳው አልወረደም። እኔ ዝም ካልኩ ማንም አያውቅም። የምትሄደው አንዲት ጊዜያዊ ሠራተኛ ናት። ይኼን ቃል በቃል አስቤዋለሁ። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ባንቺአምላክ ነጭ ጋውኗን አጥባ ለንብረት ክፍል ለማስረከብ ስታጣጥፈው አየኋት።

ሐሙስ ስብሰባው ተጀመረ። ተራዬ ደርሶ ስለ ታይመሩ ጤንነት እንድመሰክር ተጠየቅሁ። ከመናገሬ በፊት ሁሉም ወደ ማሽኑ ቤት እንዲመጡልኝ ለመንኩ። አጀንዳው ላይ የለም ተባለ። አሥር ደቂቃ ብቻ ብዬ ለመንኩና መጡ።

ሳጥኑን ከፈትኩ። ታይመሩን በሙከራ ቁልፉ አስነሣሁት፤ መደርደሪያዎቹ በሥርዓት አዘነበሉ። ቀጥዬ ፊታቸው ላይ ምስሯን ነቀልኩ፤ ሁለቱን ሽቦዎች እንደ ሽልማቱ ቀን አድርጌ አሠርኩና እንደገና አስነሣሁ። ማሽኑ ተንዘፈዘፈ። ፈታሁና መለስኩ፤ አዘነበለ። አሠርኩ፤ ተንዘፈዘፈ። ሦስት ጊዜ አደረግሁት፤ ኮሚቴ አንድ ጊዜ ያየውን እንዳላየ ሊቆጥር ይችላልና።

አቶ ሙሉቀን ሽቦውን አዩ፤ ከበላዩ የተሰቀለውን መስተዋት አዩ፤ እኔን አዩ። «እና ጥፋቱ የማን ነው ነው የምትለው?» አሉኝ።

«የእኔ ነው» አልኳቸው። «እትዬ ባንቺአምላክ በሩን የከፈቱት እኔ ያበላሸሁትን በእጃቸው ለማዳን ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነግረውኝ ነበር፤ አልሰማሁም።»

ከኮሚቴው አንዱ ይኼ እንደ ግለ ሂስ ይያዝ አለ። ሌላው የተሸለመ ሥራ ጥፋት ሊሆን አይችልም ብሎ ተከራከረ። ሽልማቱ ይሰረዝ እንዳይሉ የፈረመበት የበላይ አካል ነው። ባንቺአምላክ ትሰናበት እንዳይሉ ሁሉም በዓይኑ አይቷል። ብዙ ከተነጋገሩ በኋላ የእሷ ጉዳይ «በቂ ማስረጃ ስላልተገኘ» ተዘጋ፤ እኔ ደግሞ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። ማስጠንቀቂያው «የሽቦ አደረጃጀትን በማዛባት» ይላል። የታሠረውን ስለፈታሁ ይሁን የተፈታውን ስላሠርኩ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። በግል ማኅደሬ ውስጥ የምስክር ወረቀቱና ማስጠንቀቂያው አንድ ላይ ተሰፍተው ጡረታ እስክወጣ ጎን ለጎን ኖሩ።

ስብሰባው ሲያልቅ ወደ ባንቺአምላክ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ። ጋውኗን መልሳ እየለበሰች ነበር። «እኔ ሽቦ አላውቅም» አለችኝ። «ግን አሥራ ስምንት ዓመት ሰምቼዋለሁ።» ሌላ ምንም ሳትል እንቁላሎቿን ልታይ ገባች።

ማሽኑ ከተሠራ በኋላ የገባው እንቁላል ሊፈለፈል የደረሰው ለፋሲካ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ ነው። በሩን የከፈተችው እሷ ናት፤ በፈቃድ። የጫጩቱ ጩኸት ከግቢው በር ድረስ ይሰማ ነበር። ከአሥሩ ስምንት ቆጠርን።

አያ ባይለየኝ የሳሉልኝን ሥዕል በእጄ ገልብጬ ከእያንዳንዷ ዕቃ አጠገብ ለምን እንደተቀመጠች ጻፍኩ። የምስክር ወረቀቱን ከመስተዋቱ አውጥቼ ሥዕሉን በቦታው አስገባሁት። የቀጣዩ ዓመት ገምጋሚዎች ሽቦው ለምን እንደተንጠለጠለ ሲጠይቁ ጣቴን ወደዚያ ቀሰርኩ። ነጥብ ቀነሱብን።

ለሙያ ባልደረቦቼ የምለው አጭር ነው። የታይመርን ሽቦ ከሞተር ሽቦ ጋር አታስኪዱት። አምስተኛዋን እግር ባዶ አትተዉ። ታይመር ስትመረምሩ የሚያሽከረክረውን ሞተር አሥራችሁ መርምሩ፤ በአምፖል አትመኑ። ከሁሉ በፊት ግን ቴስተር ከማውጣታችሁ አስቀድሞ ከማሽኑ ጋር የምትውለውን ሰው ከመቼ ጀምሮ እንደተለወጠ ጠይቁ።